ውሃ የማይቆርጠው ጥም

ሥር የሰደደ የአፍ ድርቀት ከየት ይመጣል? በምን ይለያል? ምንስ ይደረግለታል?

እናትዎ ቆሎ መብላት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ከቡና ጋር የሚቀርበውን ዳቦ ገፋ እያደረጉ «ጠግቤያለሁ» ማለት ከጀመሩስ? በብዙ ቤት ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ምግብ ይቀራል። ቀጥሎ እንጀራው በወጥ ካልራሰ አልወርድ ይላል። በየጉርሻው መሃል ውሃ ይፈለጋል። ለሃምሳ ዓመት የለመዱት በርበሬ ድንገት «አቃጠለኝ» ይባልና ወጥ የሠራችው ልጅ ትወቀሳለች። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ራስጌያቸው ላይ የውሃ ኩባያ አይጠፋም። ቤተሰቡ ደግሞ «ምግብ ዘጋቸው»፣ «እርጅና ነው»፣ አንዳንዴም «አመል አወጡ» ብሎ ያልፈዋል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርሳቸው ከድዱ አፋፍ እየተሸረፈና እየተቆረጠ ማለቅ ሲጀምር እሱም ለዚያው ለእርጅና ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የአንድ ችግር መልክ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የአፍ ድርቀት ይሉታል። ዕድሜ ብቻውን አፍን ይህን ያህል አያደርቅም፤ የምራቅ ዕጢዎች ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ አቅም አላቸው። በአዛውንቶች ላይ ድርቀቱ የሚበዛው ከዕድሜ ጋር ሕመም ስለሚበዛ፣ ከሕመሙም ጋር መድኃኒት ስለሚበዛ ነው። ስለዚህ «ምን ይደረግ፣ አርጅተዋል» ከማለት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ቋንቋችን ለምራቅ ክብር የነፈገ አይደለም። በሳል ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ እንትፍ» ይላል። ሐኪም ቤት ገብቶ ስለ ምራቁ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሰው ስለ ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ወገቡ ይናገራል፤ አፉ መድረቁን ከቁም ነገር አይጥፈውም። ሐኪሙም ወረፋው ረጅም ነውና አይጠይቅም።

ምራቅ ምን ይሠራል?

ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ትልልቆቹ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያው ጥንድ ከጆሮ ፊትና ከሥሩ ያለው፣ ጆሮ ደግፍ ሲይዘን የሚያብጠው ነው። ሁለተኛው ከመንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር ይገኛል። ከእነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል።

ምራቅ ከመቶ 99 እጁ ውሃ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በቀሪዋ አንድ እጅ ውስጥ ነው። ምላስና ጉንጭ ሳይፋተጉ እንዲንቀሳቀሱ የሚያለሰልሰው ዝልግልግ ፕሮቲን፣ እንጀራንና ዳቦን ከአፍ ጀምሮ መፍጨት የሚጀምረው ኢንዛይም፣ ጀርሞችን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች፣ አሲድን የሚያረግበው ባይካርቦኔት፣ የተጎዳ ጥርስን መልሰው የሚጠግኑት ካልሲየምና ፎስፌት ሁሉ እዚያች ውስጥ ናቸው። ውሃ መጠጣት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ውሃ አፍን ለደቂቃዎች ያርሳል እንጂ የምራቅን ሥራ ተክቶ አይሠራም።

ጥርስ ላይ የሚደርሰውን እንመልከት። ስኳር ያለበት ሻይ ስንጠጣ ጥርስ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአፍ ውስጥ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርስ ውጫዊ ልባስ መሟሟት ይጀምራል። በቂ ምራቅ ያለው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ አሲዱን አጥቦ፣ አርግቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ምራቅ የሌለው ሰው አሲዱ እዚያው ይከርምበታል። አፉ ስለደረቀ ብቻ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ሻይ ፉት የሚል ወይም ከረሜላ ከአፉ የማይለይ ሰው ጥርሱ ከአሲድ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ስኳሩ ለጊዜው ምራቅ ጠራ ያደርጋል፤ እፎይታውም እውነት ነው፤ ዋጋው ግን ጥርስ ነው።

የዚህ ዓይነቱ የጥርስ መበስበስ መልክ አለው። የተለመደው ብል የሚጀምረው ከመንጋጋ ጥርስ ሸለቆዎችና ከጥርሶች መሃል ነው። በድርቀት የሚመጣው ግን ከድዱ ጠርዝ፣ ከጥርሱ አንገት ዙሪያ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከብል የሚተርፉትን የታችኛውን ፊት ጥርሶች ጭምር ይይዛል። ጠንቃቃ የጥርስ ሐኪም ይህንን ሲያይ ከመሙላትና ከመንቀል በፊት «አፍዎ ይደርቃል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከጥርስ ሌላ ደግሞ ፈንገስ አለ። ምራቅ ሲቀንስ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይሠለጥናል። ነጭ ሽፋን ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በአዛውንቶች ግን ብዙውን ጊዜ ምላስና ላንቃን አቅልቶ የሚያቃጥል፣ የከንፈርን ጥግ የሚሰነጥቅ ሆኖ ይመጣል። የበርበሬው ጥፋት የሚመስለው ማቃጠል አንዳንዴ ምንጩ ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ደግሞ ጥርሱ አልጣበቅ እያለ ድዳቸውን ያቆስላቸዋል፤ የሚይዘው ምራቅ ነበርና።

ፌስታሉን ይዘው ይሂዱ

ፈተና ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ ብዙ ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው አፉ ይደርቃል። ይህ ጤነኛ የፍርሃት ምላሽ ነው። በጥንት ዘመን ተጠርጣሪን ደረቅ ሩዝ አኝኮ እንዲተፋ በማድረግ ይፈትኑት ነበር ይባላል፤ ጥፋተኛው ስለሚፈራ ሩዙ አፉ ላይ ይጣበቃል በሚል ስሌት። ንጹሕ ሰውም እንደሚፈራ የታሰበበት አይመስልም! የጾም ቀን ድርቀትም፣ ከሩጫና ከተቅማጥ በኋላ የሚመጣውም ያልፋል። የሚያሳስበው በየቀኑ የሚሰማና ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር አልፎ የሚቀጥለው ነው።

ለዚህኛው ዋነኛው ምክንያት መድኃኒት ነው። አፍ የማድረቅ ጠባይ ያላቸው መድኃኒቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። አሠራሩን መረዳት አይከብድም። የምራቅ ዕጢ በራሱ አያዝም፤ ነርቭ «አመንጭ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ሲልክለት ነው የሚሠራው። በርካታ መድኃኒቶች ሌላ ቦታ ላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠሩ በመንገዳቸው ይህንን መልእክት ይዘጉታል።

በአገራችን በብዛት ከሚታወቁት ውስጥ ለድብርት፣ ለነርቭ ሕመምና ለራስ ምታት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በዚህ ጠባዩ ግንባር ቀደም ነው። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚወሰዱት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙት እንደ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት ይከተላሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ የእሱንና የመሰሎቹን መንቀጥቀጥና መገታተር ለመከላከል አብሮ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ሽንት አልቋጥር ላላቸው የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን ሁሉም አፍ ያደርቃሉ። እንደ ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ሽንት የሚያበዙ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች በሌላ መንገድ፣ የሰውነትን ፈሳሽ በመቀነስ፣ የድርቀት ስሜት ያመጣሉ። ሜቲልዶፓና ክሎኒዲንም ከግፊት መድኃኒቶች ውስጥ በዚህ ይታወቃሉ።

ችግሩ የሚከፋው ሲደራረቡ ነው። አንድ አባት የግፊት ክኒናቸውን ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ፣ ለእግራቸው ማቃጠል ማታ ማታ የሚውጧትን ከሌላ ክሊኒክ፣ የአለርጂውን ደግሞ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሊወስዱ ይችላሉ። እያንዳንዷ ብቻዋን ብዙም አትጎዳ ይሆናል፤ ሦስቱ ሲገናኙ አፍ እንጨት ይሆናል። ሦስቱንም አንድ ላይ ያየ ባለሙያ የለም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ሽሮፑንም፣ ቅባቱንም፣ የዓይን ጠብታውንም፣ ከጎረቤት የተሰጠውንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ ከብዙ ምርመራ የሚበልጥ ውጤት ያመጣል። የጥርስ ሐኪም ዘንድም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንበል። «ይሄ ነው አፌን ያደረቀው» ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። የግፊት ክኒን ድንገት የተወ ሰው በስትሮክ ሊወድቅ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ክሎኒዲን በተለይ ድንገት ሲቆም ግፊትን አጉኖ ይመልሳል። ሐኪሙ ግን አማራጭ አለው፤ መጠኑን መቀነስ፣ ብዙ የማያደርቅ ሌላ ዓይነት መምረጥ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት መቀየር፣ አንዳንዴም ለምን እንደተጀመረ የተረሳን መድኃኒት ማስቆም ይችላል። ድርቀቱ በመድኃኒቱ የመጣ ከሆነና መድኃኒቱ ከተቀየረ ምራቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

በአእምሮ ሕመም ረጅም ዘመን የታከሙ ወገኖቻችን ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የተረሳ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁለትም ሦስትም ሆነው አፍ ያደርቃሉ። ጥማቸውን የሚያስታግሱት ብዙ ጊዜ በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ ነው፤ ቤተሰብም ደስ ይበላቸው ብሎ ይገዛል። የጥርስ ሕክምና ለእነሱ ቅንጦት ተደርጎ ይታያል። ውጤቱ በወጣትነት ጥርስ አልባ መሆን ነው፤ ይህም በሕመሙ ላይ ሌላ መገለል ይጨምራል። በለስላሳው ፋንታ ውሃ ማቅረብና በቀን ሁለት ጊዜ ጥርሳቸውን በሳሙና መቦረሻቸውን መከታተል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ነገር ነው።

ጫትም እዚሁ ይመደባል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አፍን ያደርቃል። ቃሚው ድርቀቱን የሚያባርረው በስኳር፣ በኮካ፣ በጣፋጭ ሻይ፣ በለውዝ ከረሜላ ነው። ለሰዓታት የደረቀ አፍ ውስጥ ለሰዓታት ስኳር ሲመላለስ ጥርሱ ምን እንደሚገጥመው ከላይ አይተናል። ሲጋራና አልኮልም ያባብሳሉ።

መድኃኒት ካልሆነስ?

ብዙ ውሃ የሚጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ የሚከሳና የሚደክመው ሰው በመጀመሪያ ስኳሩን ይለካ። ጾም አድሮ የተለካ የደም ስኳር በሁለት የተለያየ ምርመራ 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ የቆየ ታካሚም አፉ ይደርቃል፤ ሲስተካከል ድርቀቱም ይሻላል።

ከአፍ ጋር ዓይንም ከደረቀ፣ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል» የሚል ስሜት ካለ፣ መገጣጠሚያም የሚያም ከሆነ ሌላ በሽታ ይታሰባል። ሾግረን ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለዚህ ሕመም ሰፊ የምርምር ጽሑፍ ካቀረበው ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ስቶ የራሱን የምራቅና የዕንባ ዕጢዎች ያጠቃል። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኝ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ይታወቃል። የቆዳና የብልት ድርቀት፣ የማይለቅ ድካምም አብረውት ይመጣሉ፤ ብዙ ሴት ግን ዓይኑን ለዓይን ሐኪም፣ ጥርሱን ለጥርስ ሐኪም፣ ጉልበቱን ለአጥንት ሐኪም እያሳየች ማንም ሳያገናኘው ዓመታት ያልፋሉ። ሁለት ነገሮች ያሠጋሉ። አንደኛው በእነዚህ ሰዎች ላይ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ከጆሮ ሥር የማይጠፋ ወይም የሚጠነክር እብጠት ከታየ ጊዜ አይሰጠውም። ሁለተኛው እርግዝና ነው። ከበሽታው ጋር የሚገኘው ሮ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በጥቂት ፅንሶች ላይ የልብ ምትን ሊያስተጓጉል ስለሚችል፣ እናትየዋ ለማህፀን ሐኪሟ አስቀድማ መናገር አለባት።

ኤች አይ ቪም የምራቅ ዕጢን ሊያሳብጥና አፍን ሊያደርቅ ይችላል፤ በሁለቱም ጆሮ ሥር ያለ ሕመም ቀስ ብሎ የመጣ እብጠት አንዱ ምልክቱ ነው። የጉበት ቫይረስ ሲም እንዲሁ። ለራስና ለአንገት ካንሰር የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ደግሞ ድርቀታቸው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዕጢው ራሱ ስለሚቃጠል። በዚህ ላይ አንድ ምክር አለ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ በነበረው ጥቁር አንበሳም ሆነ በሌላ ስፍራ ተራ የሚጠብቅ ታካሚ፣ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ጥርሱን ያሳይ። መነቀል ያለበት ጥርስ ቀድሞ ተነቅሎ ቁስሉ መዳን አለበት። ጨረር ባረፈበት መንጋጋ ላይ በኋላ ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ አልድን ብሎ ሊሞት ይችላል።

የቀረው ቀላሉ ነው፤ አፍንጫ የታፈነበትና አፉን ከፍቶ የሚያድር ሰው። ምራቅ በእንቅልፍ ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ዜሮ ይጠጋል። አፍ ተከፍቶ ካደረ ጠዋት ላይ ምላስ ከላንቃ ጋር ይጣበቃል። ቀን ቀን ደህና ሆኖ ጠዋት ብቻ የሚደርቅበት ሰው የአፍንጫውን ነገር ያስብ። የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፍ መሃል ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ለእሱ ራሱን የቻለ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በምን ይረጋገጣል?

ሁለት ነገሮች አይምታቱ። አፌ ደረቀ ብሎ መሰማት አንድ ነው፤ ምራቅ በልኬት መቀነስ ሌላ ነው። ስሜቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ምራቅ ከድሮው በግማሽ ያህል ሲቀንስ ነው። ምራቁ ሳይቀንስ በጭንቀት ወይም በአፍ በመተንፈስ ድርቀት የሚሰማው አለ። ምራቁ ቀንሶም የማይታወቀው አለ፤ ጥርሱ ነው የሚናገርለት።

ቤት ውስጥ ራስዎን ወይም ወላጅዎን መጠየቅ ይችላሉ። ሲበሉ አፍዎ ይደርቃል? ደረቅ ነገር ለመዋጥ የግድ ውሃ ይፈልጋሉ? መዋጥ ይከብድዎታል? ምራቅዎ ያነሰ ይመስልዎታል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነና ከቆየ መታየት ይገባዋል።

ሐኪሙ አፍ ውስጥ ሲያይ ብዙ ይረዳል። የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉንጭ ላይ ይጣበቅበታል፤ ምላስ ሥር መቋጠር የነበረበት ምራቅ የለም፤ ያለውም አረፋ አረፋ ይላል፤ ምላስ ይሰነጠቃል። ልኬቱ ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ታካሚው ሳይበላ ሳይጠጣ ቆይቶ ዝም ብሎ ይቀመጥና የተጠራቀመውን ምራቅ ለ15 ደቂቃ ያህል በመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይተፋል። ጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ያመነጫል። በደቂቃ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ማለትም በ15 ደቂቃ ከ1.5 ሚሊ ሊትር ካልበለጠ፣ በእርግጥ ቀንሷል ይባላል። ይህን ቀላል ምርመራ በየጥርስ ክሊኒኩ ማድረግ የሚከለክል ነገር አይታየኝም።

ከዚያ እንደ ጥርጣሬው ይቀጥላል። የደም ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ሲ፣ ሾግረን ከተጠረጠረ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ይደረጋል። የዓይን ድርቀትን ለመለካት ትንሽ ወረቀት በታችኛው ሽፋሽፍት ላይ ለአምስት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ካልራሰ ዕንባው አነስተኛ ነው። አንዳንዴ ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቂት ዕጢዎች በማደንዘዣ ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ምን ይደረግ?

መንስኤው ከታወቀ እሱን ማከም ይቀድማል። ጎን ለጎን ግን ጥርስን ማዳን የዕለት ሥራ ነው። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስለስ ባለ ብሩሽ መቦረሽ፤ አረፋውን ተፍቶ በብዙ ውሃ ሳይጉመጠመጡ መተው። ይህን ስንል እንደ ወንጂ ካሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የመጡ አንባቢዎች «ጥርሳችንን ያበለዘው ፍሎራይድ አይደለም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ልክ ናቸው። ያ ግን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት፣ ከውሃ ጋር በተዋጠ ብዙ ፍሎራይድ የመጣ ነው። አዋቂ ሰው ቀብቶ የሚተፋው ሳሙና ያንን አያደርግም። መፋቂያም ማኘኩ ምራቅ ስለሚጠራ ይጠቅማል፤ ደረቅ ድድን እንዳያቆስል ግን ጫፉ በደንብ ይለስልስ፤ ሳሙናውንም አይተካም።

ቀጥሎ ምራቅ መጥራት ነው። ዕጢው ጨርሶ ካልሞተ ማኘክ ያስነሳዋል። ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ በተለይ ዛይሊቶል የተባለው ጣዕም ሰጪ ያለበት፣ ጥሩ ነው። (ውሻ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።) ሎሚ መምጠጥ በብዙ ቤት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ምራቅ መጥራቱም እውነት ነው። ነገር ግን ምራቅ በሌለበት አፍ የሎሚ አሲድ ጥርስን ይበላልና ጥርስ ላለው ሰው አይመከርም። አልኮል ያለባቸው የአፍ መጉመጥመጫዎችም ይበልጥ ያደርቃሉ።

ለማለስለስ ውሃን ፉት ፉት ማለት ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ብርጭቆ ሙሉ መገልበጥ ሌሊት ለሽንት ያስነሳል እንጂ አፍን አያቆይም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት የውሃ መጠን የተወሰነለት ሰው በረዶ መምጠጥ ወይም ተጉመጥሙጦ መትፋት ይችላል። በውጭ አገር ሰው ሠራሽ ምራቅ በጄልና በሚነፋ መልክ ይሸጣል። ከእነሱ አንዱ የሚሠራው፣ ስንቱ ያውቅ ይሆን፣ ከተልባ ነው! በአውሮፓ ገበያ ላይ ያለው ይህ ምርት የተልባ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣውን ዝልግልግ ፈሳሽ ነው የሚጠቀመው፤ ጠባዩ የምራቅን ስለሚመስል። እኛ ዘንድ ተልባ ለጾም ተቆልቶ ተወቅጦ ይጠጣል። ለአፍ ማለስለሻ ግን ያልተቆላውን ፍሬ አጥቦ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክሮ፣ ውሃውን አጥልሎ አፍ ውስጥ እያንቀሳቀሱ መያዝ ይቻላል። ስኳርም ማርም አይገባበትም፤ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፤ የመድኃኒትን ሥርገት ሊያዘገይ ስለሚችል የሚዋጥ ከሆነ ከክኒን ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። በሽታውን አያድንም፤ ያለሰልሳል።

ምግቡም ይስተካከል። ፍትፍት፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ መረቁ በዛ ያለ አልጫ፣ ለስለስ ያለ ፍርፍር ይወርዳሉ። በርበሬው ለጊዜው ይቀነስ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይውለቅ፤ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይደር። የማቃጠልና የመቅላት ምልክት ካለ የፈንገስ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል፤ ጥርሱም አብሮ ካልጸዳ ፈንገሱ ይመላለሳል። የጥርስ ሐኪምን ሲያም ብቻ ሳይሆን በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ማየት ለእነዚህ ሰዎች ቅንጦት አይደለም።

በሾግረን ወይም በጨረር ለመጣ ድርቀት ዕጢን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች አሉ። የታወቀው ፓይሎካርፒን ነው፤ ጃቦራንዲ ከሚባል የብራዚል ተክል የተገኘ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ላብ ያበዛል፤ ሽንትም ያመላልሳል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ያለበት ሰውና አንዳንድ የዓይን ሕመም ያለባቸው አይወስዱትም። እኛ ዘንድ የሚታወቀው በይበልጥ ለግላኮማ በሚሰጥ የዓይን ጠብታነቱ ነው፤ «ያው ነው» ብሎ ጠብታውን በራስ ግምት መጠጣት አደገኛ ነው። ከጨረር በኋላ የጠፋ ምራቅ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በከፊል የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ የሾግረኑ ግን ዕድሜ ልክ የሚያዝ እንጂ የሚነቀል አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በአዛውንት ወይም ፈሳሽ ባለቀበት ሰው ላይ ከጆሮ ሥር ድንገት አብጦ የሚያም፣ ትኩሳት ያለው፣ ወደ አፍ መግል የሚያወጣ ነገር የዕጢ ኢንፌክሽን ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ምግብ ጉሮሮ ላይ እየቆመ መዋጥ እየባሰ ከሄደ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ከጆሮ ወይም ከመንጋጋ ሥር በአንድ ወገን እየጠነከረ የሚያድግ እብጠት ካለ፣ ወይም የፊት አንድ ጎን መንቀሳቀስ ካቃተው ሳይዘገዩ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።